ሪሞቱ ዝም ሲል

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከውጭ አገር አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሰው ያልተቀመጠባት የዕቃ ጋሪ ትሄዳለች። ከሩቅ ነው የምትታዘዘው። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል። እዚያ ስትደርስ ቀጥ አለች። ከቪዲዮው ሥር የጻፈልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ ይቺኛዋ ቆማለች።»

ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አብራችሁ የተማራችሁ ልጆች ስለ የትኛዋ እንደሚያወራ ወዲያው ይገባችኋል። ለሌሎቻችሁ ግን ከታሪክ ልጀምርና ወደ ራሴ ጉዳይ በኋላ እመጣለሁ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ አቃቂ ቃሊቲ ያደግን ሰዎች ሁለት ነገር ከማንም ቀድሞ ደጃችን ድረስ መጥቶልናል። አንዱ ሐዲድ ነው፣ ሌላው ሬዲዮ።

አጼ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ አዲስ ውል ተፈረመ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ሐዲድ። ከሞጆ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከዱከም አልፎ ለገሃር ከመግባቱ በፊት አቃቂ ላይ ይቆም ነበር። ሬዲዮው ደግሞ ከጣልያን ወረራ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው አቃቂ ላይ የቆመው። አጼ ኃይለ ሥላሴ ወረራው ሲቃረብ ድምፃቸውን ባሕር ማዶ ያሰሙት በዚህ ጣቢያ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንዱ ከባድ ነገር በመስመር ላይ የሚሄድበት ነው። ሌላው ካለ ሽቦ ከሩቅ መልእክት የሚላክበት። ሁለቱን ብታጋቡ የሚወለደው በሪሞት የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የተሰመረለት ድንበር ላይ ሲደርስ ማን ያቆመዋል?

የመጀመሪያው መልስ ሰው ነው። ሌላው መልስ ታኮ ነው።

ታኮን የማያውቅ የቃሊቲ ልጅ የለም። አይሱዙ ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። እኛ ሰፈር ልጅ ሆነን የምንጫወተውም እሱን ነበር፣ በኩሽኔታ ጋሪ። ታኮ ጥሩ ነገር ነው። ግን ታኮ የሚሠራው ረዳቱ ከደረሰ፣ ድንጋዩ ከጠነከረና ማንም ከላይ ካልገፋው ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1889 አየርላንድ ውስጥ አርማ በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ባቡር የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን ይዞ ለሽርሽር ወጣ። ዳገቱ ላይ አቅም አጣና ቆመ። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ግማሽ ቀድመው ሊወስዱ ተስማሙ። የኋለኞቹ ፉርጎዎች በእጅ ፍሬን ተያዙ፣ ከጎማቸው ሥርም ድንጋይ ተደረገ። ታኮ ማለት ነው። የፊተኛው ክፍል ሲነሳ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ገጫቸው። ድንጋዩ ደቀቀ። ፉርጎዎቹ ቁልቁል ተለቀቁና ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተላተሙ። 80 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ።

የዚያ ባቡር ፍሬን ከሎኮሞቲቩ ጋር የተያያዘ ነበር። ሲቆረጥ ፍሬኑም አብሮ ጠፋ። ነገሩ ግን መፍትሔ ያልተገኘለት አልነበረም። ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ የሚባል አሜሪካዊ በ1869 የአየር ፍሬን ሠርቷል። የመጀመሪያው ፍሬኑ አየር ሲላክለት ነው የሚይዘው። ቱቦው ከተቀደደ አየር አይደርስም፣ አየር ካልደረሰ ፍሬን የለም። በ1872 ራሱ ነገሩን ገለበጠው። አየሩ ፍሬኑን ከጎማው ላይ አርቆ ይይዘዋል። አየር ሲጎድል፣ ቱቦ ሲበጠስ፣ ባቡር ሲቆረጥ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። የአርማው አደጋ በደረሰ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ መንገደኛ የሚጭን ባቡር ሁሉ እንዲህ ያለ ፍሬን እንዲኖረው በሕግ አስገደደ።

ይሄን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። በማለዳ ወደ ቃሊቲ ውረዱ። ሲኖዎቹ ሞተራቸውን አስነስተው ቆመው ታያላችሁ። ሹፌሩን «ምን ትጠብቃለህ?» ብትሉት «አየር እስኪሞላ» ይላችኋል። የኋላ እግሩን ጠንካራ ስፕሪንግ ይዞታል። ስፕሪንጉን ገፍቶ የሚያስለቅቀው አየሩ ነው። አየር ከሌለ መኪናው ንቅንቅ አይልም። (ቁልቁለት ላይ ፍሬን ግሎ እምቢ ሲል ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።) ዋናው ነገር፣ መኪናው ሲፈጠር የቆመ ነው። ለመሄድ ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው።

በዚያው በ1872 ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ተመሳሳይ ሐሳብ ሐዲዱ ላይ አመጣ። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቃል። ጅረቱ ዞሮ ሲመለስ ምልክቱን «እለፍ» ላይ ይይዘዋል። ባቡር ሲገባበት የጎማዎቹ ብረት ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛል፣ ጅረቱ በአቋራጭ ይመለሳል፣ ምልክቱ «ቁም» ላይ ይወድቃል። ሐዲዱ ቢሰበርስ? ያው ይወድቃል። ባትሪው ቢያልቅስ? ያው። አያችሁ፣ ሰውዬው ብልሽቱን ሁሉ ወደ «ቁም» አቅጣጫ አዘንብሎ ነው የሠራው።

ግን ምልክት የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ሾፌሩ ባያይስ? እ.ኤ.አ. በ1904 የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሲከፈት ከሐዲዱ ጎን ትንሽ የብረት ክንድ ተተከለች። ምልክቱ ቀይ ሲሆን ክንዷ ትነሳለች። ባቡሩ ጥሶ ካለፈ ከሥሩ ያለውን የአየር ቫልቭ ትመታዋለች፣ አየሩ ይወጣል፣ ፍሬኑ ይይዛል። ሾፌሩ ቢተኛም፣ ቢታመምም፣ ሐሳብ ቢወስደውም ድንበሩ ራሱ ያቆመዋል።

ወደ ሪሞቱ እንምጣ። የእኛ ባቡር ሥራ በጅቡቲ በረሃ በተጀመረ በማግስቱ ዓመት፣ በ1898፣ ኒኮላ ቴስላ ኒውዮርክ ላይ ገንዳ ውስጥ ትንሽ ጀልባ አስቀምጦ ካለ ሽቦ አዘዛት። ተመልካቹ ተአምር መሰለው። ሰው ያኔ የተገረመው በመሄዷ ነው። ከሩቅ የምታዘዝ ነገር ትእዛዙ ባይደርሳት ምን ታደርጋለች የሚለው ጥያቄ ክብደቱ የታወቀው በኋላ ነው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ሉኖኮድ ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ጨረቃ ላይ ያወረዷት ባለ ስምንት ጎማ ተሽከርካሪ ነች። የሚነዷት ሰዎች እዚህ ምድር ላይ ተቀምጠው ነበር። ትእዛዝ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ምስሉ ደግሞ እንደ ፊልም አይፈስም፣ ፎቶ በፎቶ ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ገደሉን ሲያየው እሷ ገብታበት ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ድንበሩን እሷ ውስጥ አስቀመጡት። ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ከተወሰነው በላይ ካዘነበለች ምድርን ሳትጠይቅ ራሷ ትቆማለች። እንዲህ እያለች ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች።

አሁን ደግሞ የሚከብደው ክፍል።

የካቲት 1967 ዓ.ም.፣ እኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ ሊታወጅ 4 ቀን ሲቀረው፣ ለንደን ውስጥ ሙርጌት በሚባል ጣቢያ አንድ የጠዋት ባቡር ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሳይቆም ቀረ። ፍሬኑ ደህና ነበር። ሳይቀንስ ገብቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ሾፌሩን ጨምሮ 43 ሰው ሞተ። ሾፌሩ ለምን እንዳላቆመ እስከ ዛሬ የታወቀ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሐዲድ የሚያልቅባቸው ጣቢያዎች ላይ በፍጥነት የሚገባን ባቡር በራሱ የሚያቆም መሣሪያ ተተከለ። ለምን እንደሆነ ባይታወቅም ቀዳዳው ተደፈነ።

በ10 ዓመቱ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.፣ አዋሽ። ይሄን በዕድሜ የምትበልጡን አትረሱትም። አገሩ በድርቅ የነደደበት ዘመን ነው። ወደ 1,000 ሰው የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ ገደል ላይ ያለውን ኩርባ ድልድይ በፍጥነት ገባበትና ከሐዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ ከከፉት አደጋዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ሾፌሩ ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ተባለ። ሾፌሩም ተያዘ።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። አቃቂ ጣቢያ አጠገብ ሰዎች ተሰብስበው ሲያወሩ ትዝ ይለኛል። ወሬው ሁሉ ስለ ሾፌሩ ነበር። ጠጥቶ ይሆን? ተኝቶ ይሆን? አንድም ሰው «ለመሆኑ ያ ኩርባ በፍጥነት የሚመጣን ባቡር የሚያቆም ምን ነገር ነበረው?» ሲል አልሰማሁም። ሾፌሩ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። እኔ ዳኛ አይደለሁም። እያልኩ ያለሁት፣ 1,000 ሰው የአንድ ሰው ንቃት ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ጥያቄው ከሾፌሩ ይሰፋል ነው። ይሄን ለ20 ዓመት ሳስተምር ኖሬ ራሴ ግን ስፈተን ወደቅሁ።

በ2001 ዓ.ም. ነው። እዚሁ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስሙን ተዉት። የወላጆች ቀን ደረሰና ተማሪዎቼ በሪሞት የምትሄድ ጋሪ ሠሩ። ሞተሯ ከአይሱዙ የዝናብ መጥረጊያ የተፈታ ነው። ባትሪው የሞተር ሳይክል። ሻሲዋን ከወዳደቀ ብረት አንድ ልጅ በየዳት። ክብደቷ ቀላል አልነበረም፣ ሁለት ልጅ ነበር የሚያነሳት። ሆዷ ሥር ብርሃን የሚለይ ሴንሰር አለ። ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍን። ሴንሰሩ ጥቁሩን ሲያይ ሪሌውን ይስባል፣ ሪሌው ሞተሩን ያጠፋል። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ የሳልኩት እኔ ነኝ።

በልምምድ አሥር ጊዜ ሞከርናት፣ አሥሩንም ቆመች።

በዕለቱ ወላጅ ሞልቷል። ሕፃናቱ ከፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሪሞቱን የያዘው ያ ቪዲዮ የላከልኝ ልጅ ነው። ጋሪዋ ተነሳች። እኔ እንግዶቹን ላስደንቅ ፈልጌ ጠጋ አልኩና «እጅህን ከሪሞቱ አንሳ፣ መስመሩ ራሱ ያቆማታል» አልኩት። ሪሞቱን መሬት አስቀምጦ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ሰው አጨበጨበ።

ጋሪዋ መስመሩን አለፈች።

አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ቅልጥሟ ተሰበረ። እግሯ በጄሶ ብዙ ሳምንት ቆየ። ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች። ግን የእናቷ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ማታ ጋሪዋን ገልብጬ አየኋት። ከሴንሰሩ የምትወጣው አንዲት ቀጭን ሽቦ በንዝረት ስታኞው ለቆ ተነቅላለች። ሽቦዋ ስለተነቀለች «ቁም» የሚለው መልእክት አልደረሰም። ጋሪዋ ደግሞ «ቁም» ካልተባለች እንድትሄድ ነው የተሠራችው። እንደዚያ ያደረግኳት እኔ ነኝ። የዌስቲንግሀውስን የ1869 ስሕተት፣ እሱ በ3 ዓመት ያረመውን፣ እኔ ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተማርኩ። መሆን የነበረበት ግልባጩ ነው። ሴንሰሩ ነጩን ወለል እያየ፣ ሪሞቱም «አለሁ፣ አለሁ» እያለ፣ ሁለቱ ተባብረው ሪሌውን ይዘውት ይቆያሉ። ጥቁር ሲመጣ፣ ሽቦ ሲነቀል፣ የሪሞት ባትሪ ሲያልቅ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሪሌው ይለቃል፣ ሞተሩ ይጠፋል።

በማግስቱ ኮሚቴ ተቀመጠ። ልጁ ተጠየቀ። «ለምን ሪሞቱን አስቀመጥክ?» ሲባል «መስመሩ ያቆማታል ብዬ ነው» አለ። ወደ እኔ አላየም። ማን እንደነገረው አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ወረቀቱ ላይ «በተማሪው ቸልተኝነት» ተብሎ ተጻፈ። ፈርሜበታለሁ። ልጁ ያን ሴሚስተር ታገደ፣ ከጓደኞቹ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝተውኝ «መምህር፣ ልጄ እንዲህ ቸልተኛ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ» አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው! እኔ ምን አልኩ? «ይስተካከላል፣ አባባ» ብዬ አለፍኩ። ዛሬ በሕይወት የሉም።

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። ልጆች አሉኝ፣ ደሞዝ አለ፣ ከሥራ ብባረርስ እያልኩ። አሁን ሳስበው ግን አቃቂ ጣቢያ አጠገብ ስለ አዋሽ ሾፌር ከሚያወሩት ሰዎች በምን እሻላለሁ? እነሱ እንኳ ሥዕሉን አልሳሉም።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ድረስ መሥራት ሲጀምር እንደ ሁላችሁም ሄጄ ተሳፍሬያለሁ። የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ወርጄ ሰው ሁሉ ሲበተን እኔ የሐዲዱን ጫፍ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ «አባባ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ነገሩ በዓለም ላይም አላለቀም። ዲጄአይ የሚባለው የድሮን ኩባንያ ለዓመታት ድሮኖቹ ኤርፖርት አካባቢ እንዳይገቡ ድንበሩን ሶፍትዌሩ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ ያን ትቶ ወደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ለወጠው። ድንበሩን የማክበሩ ኃላፊነት ወደ አብራሪው ተመለሰ ማለት ነው። አንዳንዱ ደግ አደረገ ይላል፣ ሰው ኃላፊነቱን ይወቅ ብሎ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ክርክር ስሰማ ቶሎ የሚመጣብኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳ ልጅ ነው። ማሽኑን ያመነው እኔን ስላመነ ነው።

ቪዲዮው የመጣ ዕለት ማታ ደወልኩለት። «የዚያን ቀን እጅህን አንሳ ያልኩህ እኔ ነኝ። ለኮሚቴው መናገር ነበረብኝ» አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ። «አለሁ፣ ቲቸር» አለ። «አባዬ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።» ከዚያ በላይ አልተናገረም። ከዚያ ስለ ሥራው አወራን። እሱ የሚሠራበት ቦታ ጋሪዎቹ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ከማዘዣው ምልክት ይቀበላሉ፣ ምልክቱ ከተቋረጠ በቆሙበት ይደርቃሉ። አዲስ ጋሪ ሲመጣ ፈትሾ የሚያሳልፈው እሱ ነው። «እንዴት ነው የምትፈትሻት?» አልኩት። «እየሄደች ሽቦዋን እነቅላለሁ» አለኝ።

ይሄን የጻፍኩት እሱ ፈቅዶልኝ ነው፣ ስሙን ግን እንዳልጠራ ነግሮኛል። ያን ወረቀት አብረን የፈረምን ሰዎች አንዳንዶቻችሁ እዚህ ገጽ ላይ ናችሁ። የተጻፈው ልክ አልነበረም። ቸልተኛው እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ አሁንም ፋይሉ ውስጥ ካለ አብረን ሄደን እናስተካክለው፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የዚያች ልጅ ቤተሰቦችም ይህን ካያችሁት፣ በአካል መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

አሁን የምታስተምሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ልጆች በሪሞት የሚሄድ ነገር ሠርተው ሲያመጡላችሁ መስመሩ ላይ ቆመች ብላችሁ አታጨብጭቡ። መጀመሪያ ሰው ከፊቷ አስነሱ። ከዚያ እየሄደች ሽቦዋን ንቀሉት፣ የሪሞቱን ባትሪ አውጡት። ካልቆመች ወደ ጠረጴዛው መልሷት። ሥዕሉን የሳለው ማን እንደሆነም ወረቀት ላይ ይጻፍ።